ድመቴ «አቢሲኒያን» ናት ብዬ ልገድላት ነበር

ድመት የምታሳድጉ ሰዎች፣ አንድ ቀን እያያችኋት «ይቺ ድመት የሆነ ዘር ሳይኖርባት አይቀርም» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። ማሰቡ ክፋት የለውም፤ እኔ ግን ያንን ሐሳብ ይዤ የሄድኩበት መንገድ ድመቴን ከሞት አፋፍ አድርሷታል፣ እኔንም ዕዳ ውስጥ ከቶኛል። በተለይ ከአገር ውጭ ያላችሁ፣ «አቢሲኒያን» የሚባል የድመት ዘር እንዳለ የሰማችሁ ዕለት ልባችሁ እንደኔ ሊሞቅ ስለሚችል፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምተዳደረው፤ ብዙ ጊዜ የሌሊት ፈረቃ እገባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ፣ አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ከሥራ ስመለስ፣ ከሕንፃችን ሥር ካለው መኪና ማቆሚያ የግልገል ድመት ጩኸት ሰማሁ። ድምፁን ተከትዬ ስሄድ የአንድ መኪና ጎማ ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም ነበር። በአንገት ልብሴ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኳት። መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ሳምንት ሙሉ የጠየቀ ሰው አልመጣም። እናቴ ከደብረ ብርሃን በቪዲዮ ደውላ ስታያት «ውሮ! ውሮ!» ብላ ጠራቻት፤ ስሟም በዚያው ጸና።

የመጀመሪያ ክትባቷን የሰጠቻት ሐኪም መዝገቡ ላይ «አጭር ፀጉር ያላት የቤት ድመት» ብላ ጻፈች። ያን ጊዜ ነገሬም አላልኩት። «አምስት ወር ሲሞላት ብታስመክኛት ጥሩ ነው» አለችኝ፤ እኔም ዋጋው ረከስ ወደሚል ክሊኒክ ደውዬ ቀጠሮ አስያዝኩ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ቀጠሮው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት በስህተት እሳቸው ጋ የደረሰ ዕቃዬን ሊሰጡኝ በሬን አንኳኩ። ውሮ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ሴትዮዋ አይተዋት ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። «ይቺማ አቢሲኒያን ናት!» አሉ። በወጣትነታቸው አንዲት አሳድገው ነበር። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስለሚያውቁም «የአገርሽ ድመት እኮ ናት» ብለው ፈገግ አሉልኝ።

ያች ቃል ምን እንዳደረገችኝ ማስረዳት ይከብደኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሰው አገር ስኖር «ከየት ነሽ?» ብሎኝ ስመልስለት ስለ ረኃብ ያላነሳብኝ ሰው ጥቂት ነው። አሁን ግን በአገሬ የድሮ ስም የሚጠራ፣ ሰው ተሰልፎ የሚፈልገው ፍጥረት አለ ተባልኩ፤ እሷም ከመኪና ጎማ ላይ ያነሳኋት የእኔዋ ውሮ ናት። ያን ቀን መተኛት ሲገባኝ ስልኬን ይዤ ሳነብ ዋልኩ።

ፎቶዎቹ ሁሉ እሷን ይመስላሉ። ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ቀለም፣ ትልልቅ ጆሮ፣ የለውዝ ቅርጽ ያለው ዓይን። የዘሩ ዋና መለያ ግን ፀጉሩ ነው ይላል፤ እያንዳንዷ ፀጉር አንድ ወጥ ቀለም ሳይሆን የጠቆረና የፈካ ቀለበት እየተፈራረቀባት ነው የምትበቅለው። «ቲክድ» ይሉታል። ሶፋው ላይ ከረገፈው አንዷን አንስቼ ነጭ ወረቀት ላይ አጋደምኳትና በስልኬ ካሜራ አቀረብኳት። ሥሯ ግራጫ፣ ከዚያ የማር ቀለም፣ ከዚያ ጥቁር፣ እንደገና ማር፣ ጫፏ ጥቁር። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያላየሁትም ነበር። ውሮ የፊት እግሮቿ ላይ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች አሉባት። ጅራቷ ላይ ቀለበት ቀለበት አለ፤ አንገቷ ላይም ሐብል የመሰለ ጥቁር መስመር። የአቢሲኒያን መለኪያ እነዚህን እንደ ጉድለት ነው የሚቆጥራቸው። ይህንንም እዚያው አንብቤዋለሁ፤ ግን «የእሷ እኮ ብዙም አይታይም» ብዬ አለፍኩት። የመጀመሪያ ስህተቴ ይኸው ነው። የሚመሳሰለውን ቆጠርኩ፣ የማይመሳሰለውን ዘለልኩ። እናንተም ፎቶ የምታመሳክሩ ከሆነ ቅድሚያ የማይመሳሰለውን ፈልጉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ታሪኩን አገኘሁና ጨርሶ ልቤን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ ሲመለስ፣ የአንድ መኮንን ቤተሰብ «ዙላ» የምትባል ድመት ወደ እንግሊዝ እንደወሰደ፣ የዘሩም መነሻ እሷ እንደሆነች ይነገራል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው፤ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነው። እኛ መቅደላ ሲባል ምን እንደሚሰማን ታውቃላችሁ። የተጋዘው ብራና አለ፣ ዘውዱ አለ፣ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በሰው አገር ያረፈው ልዑል ዓለማየሁ አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ እንኳ ከለንደን ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ድመቷም ከእነሱ ጋር የተጋዘች፣ የልጅ ልጆቿ ዞረው ዞረው እኔ ቤት የደረሱ መሰለኝ። የውሮን ስም ቀይሬ ዙላ አልኳት። በማግሥቱ ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ቀጠሮዋን ሰረዝኩ።

ገንዘቡንም አስቤያለሁ፤ አልደብቃችሁም። የዘር ምዝገባ ወረቀት ያለው የአቢሲኒያን ግልገል እዚህ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው የሚሸጠው። አራት ብትወልድ ብዬ አሰላሁ። በዚያ ክረምት የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮውን በዚያ ገንዘብ አስለውጥላታለሁ ብዬ በልቤ ያዝኩ።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ለእሷ መከራ ነበር። ድመት ለስሪያ ስትደርስ አይቶ የማያውቅ ሰው ታማ ነው የሚመስለው። ወለል ላይ ትንከባለላለች፤ ደረቷን ምድር አስነክታ ኋላዋን ታነሳለች፤ ሰው እንደሞተበት ሌሊቱን ታለቅሳለች። ወንድ ካላገኘች በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ይመላለስባታል፤ መብራት በሚበራበት ቤት ውስጥ ደግሞ ወቅትም ላይጠብቅ ይችላል። ከሳች። መጋረጃው ላይ መሽናት ጀመረች። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብ ነበር። እኔ ግን እያሻሸኋት «ትንሽ ታገሺ» እላት ነበር።

በዚያ መሀል ከመንገዴ ልትመልሰኝ የሞከረች ሴት ነበረች። ቨርጂኒያ ውስጥ አቢሲኒያን የምታረባ አርቢ ናት፤ ከእሷ ወንድ ድመት ጋር ላገናኛት ብዬ ደወልኩላት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ የምዝገባ ቁጥሯ ስንት ነው የሚል ነበር። የላትም አልኩ። ሴትየዋ ስልኩን ልትዘጋብኝ ትችል ነበር፤ ግን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የድመት ዘር ማለት መልክ አይደለም፣ የተመዘገበ የትውልድ ሐረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በተቋቋመው፣ ሲኤፍኤ በሚባለው የድመት ዘር መዝጋቢ ማኅበር፣ ወይም በ1979 በተቋቋመው በቲካ፣ ወይም በሌላ እንደነሱ ባለ መዝገብ ወላጆቿና አያቶቿ ካልሰፈሩ፣ ምንም ያህል ብትመስል ግልገሎቿን አቢሲኒያን ብሎ የሚመዘግብ የለም። «ወረቀት ከሌላት ድመት ጋር አዳቅልልሻለሁ የሚል ሰው ካገኘሽ እሱን ፍሪው» አለችኝ። «ድመትሽን አስመክኛትና አብራችሁ ኑሩ።» ስልኩን ስዘጋ ንቃኛለች ብዬ ከፋኝ። ዛሬ ላይ ያን ሃያ ደቂቃ የሰጠችኝን ሴት አግኝቼ ባመሰግናት ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ እሺ የሚል ሰው አገኘሁ። ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ያወጣ ሰው ነው፤ ወንዱ ድመት «ንጹሕ አቢሲኒያን ነው፣ ወረቀት ብቻ ነው የሌለው» አለኝ። 300 ዶላር ከፍዬው አራት ቀን እሱ ጋ አደረች። ስለ ጤንነቷ አልጠየቀኝም፣ እኔም ስለ ድመቱ አልጠየቅኩትም። የድመት ሉኬሚያና የድመት ኤድስ የሚባሉት ቫይረሶች በምራቅና በንክሻ ከድመት ወደ ድመት ይተላለፋሉ፤ ወንዱ ደግሞ በስሪያ ጊዜ የሴቷን ማጅራት ይነክሳል። ስትመለስ ማጅራቷ ላይ የጥርስ ጠባሳ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ከሁለቱ ቫይረሶች ነጻ መሆኗን እስካወቅሁበት ቀን ድረስ ያችን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሆዷ ገፋ። የድመት እርግዝና ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው፤ ቀኑን ቆጠርኩ፣ ካርቶን አዘጋጅቼ ፎጣ አነጠፍኩበት፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። እንቅልፍ አበዛች፤ ከብዷት ነው አልኩ። ምግብ ቀነሰች፤ አስጠልቷት ነው አልኩ። ውኃ ግን ትጠጣ ነበር፤ ጠዋት የሞላሁትን ሳህን ማታ ባዶውን አገኘዋለሁ። ይህንንም ለግልገሎቹ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

እሑድ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ድመቷን አሳይኝ አለች፤ ስልኩን አዞርኩላት። ዝም ብላ ቆየች።

«በልታለች?» አለችኝ።

«ሁለት ቀን ሆናት ካልበላች።»

«ልጄ፣ እኔ ስንት ድመት እዚህ ቤት ስትወልድ አይቻለሁ። ያረገዘች ድመት ጓዳ ለጓዳ እየዞረች ትሰርቃለች እንጂ እንዲህ አትወድቅም። ይቺ አላረገዘችም። ይቺ ታማለች።»

ነገ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ አልኳትና ማታ ሥራ ገባሁ። መግባት አልነበረብኝም።

ሰኞ ንጋት ላይ ስመለስ በር ላይ አልጠበቀችኝም። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ፣ ቀዝቃዛው ሸክላ ላይ ተዘርግታ አገኘኋት። «ውሮ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሌላው ስም ትዝም አላለኝ። አንድ ጆሮዋን ብቻ አነቃነቀች። ሳነሳት እጄ ረጠበ፤ ከኋላዋ ቡናማና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ ሽታው የሚያፍን ፈሳሽ ይወርድ ነበር። ከዚያ በፊት ያላየሁት እየላሰች ስለምታጸዳው እንደሆነ በኋላ ነው የተነገረኝ።

ሃያ አራት ሰዓት ወደሚሠራ የእንስሳት ሆስፒታል በታክሲ ወሰድኳት። አልትራሳውንድ አነሷት። ወጣቱ ሐኪም ከጎኔ ተቀምጦ «ግልገል የለም፤ ማኅፀኗ በመግል ተሞልቷል» አለኝ። ፓዮሜትራ ይባላል። ድመቷ ከስሪያ ጊዜዋ በኋላ በሚቆይባት ሆርሞን የማኅፀኗ ግድግዳ ይወፍራል፤ ባክቴሪያ ሲገባበት የሚያስወጣው ኃይል ያጣል። ካልወጣ ማኅፀኑ ሊፈነዳ፣ መርዙም በደሟ ሊሰራጭ ይችላል። ዋናው መፍትሔ ማኅፀኑን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው፤ ያም በዚያው ጠዋት መሆን ነበረበት።

ፎርሙን ሲሞላ «ዘሯ ምንድን ነው?» አለኝ። «አቢሲኒያን» አልኩት፤ በዚያ ሰዓት እንኳ። ወረቀት እንዳላት ጠየቀኝ፣ የላትም አልኩ። ለምን እንደጠየቀ ሲነግረኝ ነው ብዙ ነገር የገባኝ። እዚህ አገር አብዛኞቹ ተራ ድመቶች የደም ዓይነታቸው ኤ ነው። ቢ የሚባለው አቢሲኒያንን ጨምሮ በአንዳንድ ዘሮች በዛ ብሎ ይታያል፤ ለቢ ድመት የኤ ደም ቢሰጣት ደሙ ራሱ ይገድላታል። «ግን ዘሯን ነገርሽኝም አልነገርሽኝም እንመረምራታለን፤ በመልክ ተነሥተን ደም አንሰጥም» አለኝ። ኤ ሆና ተገኘች። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ክብር የያዝኩት ጥያቄ፣ እሱ ዘንድ ስለሚሰጣት ደም ለማሰብ የሚጠየቅ ተራ ጥያቄ ነበር።

የዋጋ ግምቱ 4,200 ዶላር ነበር። ፈረምኩ። ገንዘቡ አልነበረኝም፤ የሥራ ጓደኞቼ የወሩን የእቁብ ዕጣ አስቀድመው ሰጡኝ፣ የቀረውን በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ለማስመከን ቀጠሮ አስይዤበት የነበረው ክሊኒክ ይጠይቀኝ የነበረው ከመቶ ዶላር ትንሽ ከፍ የሚል ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሄደ። ሁለት ሌሊት እዚያው አደረች። ሊያስረክቡኝ ሲያመጧት ሆዷ ተላጭቶ፣ ስፌቱ ከእምብርቷ ሥር እስከ ታች ወርዶ፣ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ መከላከያ ታስሮባት ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ ሆና በቀጭን ድምፅ ጠራችኝ። የዚያን ቀን ማታ ከእጄ ላይ ሦስት ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ በላች፤ እኔም ከእሷ ጋር ወለሉ ላይ ተኝቼ አደርኩ።

የስፌቷን ክር ሊያወጡ ስመለስ ያው ሐኪም አንድ ነገር አለኝ። «ዘሯን ማወቅ ይህን ያህል ካስፈለገሽ ጉንጯን በጥጥ ማሸት ብቻ ነበር የሚበቃሽ።» ለካ የድመት የዘረመል ምርመራ ያን ጊዜ መቶ ዶላር ገደማ ነበር። ከሚሠሩት አንዱ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያለው የእንስሳት ዘረመል ላቦራቶሪ ነው፤ ከዚያ ሌላ በግል ኩባንያ የሚሠሩም አሉ። ያን ጊዜ መልሱ ምንም እንደማይለውጥ አውቄዋለሁ፤ ግን ጥያቄውን ዘግቼ ማረፍ ፈለግሁ።

አወሳሰዱ ቀላል ነው፤ አንዳንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ከመውሰዳችሁ በፊት ለጥቂት ጊዜ ምግብ አትስጧት፤ አፏ ውስጥ የቀረ ምግብ ናሙናውን ያበላሻል። የምታጠባ እናት ካላት ወይም ከሌላ ድመት ጋር ከአንድ ሳህን የምትበላ ከሆነ ለይታችሁ አቆዩአት፤ የሌላዋ ምራቅ ሊቀላቀል ይችላል። ጥጡን በጉንጯና በድዷ መሀል አስገብታችሁ መመሪያው የሚለውን ያህል ጊዜ አሽከርክሩት፣ ከዚያ ሳይታሸግ ይድረቅ። ውሮን በፎጣ ጠቅልዬ ነው የወሰድኩት፤ አንድ ሰው ቢያግዛችሁ ይሻላል።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። አቢሲኒያን የለባትም። የፐርሺያም፣ የሲያምም፣ የማንም የታወቀ ዘር አልተገኘባትም። ዝምድናዋ ከምዕራብ አውሮፓ ድመቶች ጋር ነው፤ ከአውሮፓ በመርከብ ተጭነው መጥተው ዛሬ በመላ አሜሪካ ጎዳናና ጓሮ የተባዙት የእነዚያ ድመቶች ልጅ ናት። ቲክድ የሚያደርገውን ዘረመል ግን ይዛለች፣ አንድ ቅጂ። ይህ ዘረመል ከሌሎቹ የፀጉር ንድፎች ላይ ያይላል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ እንኳ ዝንጉርጉሩን ከገላዋ ላይ ያጠፋዋል። እግሯ፣ ጅራቷና አንገቷ ላይ ግን ትንሽ ይቀራል። አቢሲኒያን ከአባትም ከእናትም ስለሚወርሰው ሁለት ቅጂ አለው፤ ለዚህ ነው እግሩ ንጹሕ የሚሆነው። መጀመሪያ ቀን ዓይኔ እያየ የዘለልኳቸው ፈዛዛ መስመሮች መልሱን ይዘው ቆይተዋል።

ከሌሎቹ መልኮችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ግራጫ ድመት ሁሉ ሩሲያን ብሉ አይደለም፤ ፀጉራም ድመት ሁሉ ፐርሺያ አይደለም። ረጅም ፀጉርም ግራጫ ቀለምም ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ብቻ የሚታይ ስለሆነ፣ አጭር ፀጉር ካላቸው ተራ ወላጆች ፀጉራም ግልገል ሊወለድ ይችላል። ፊቷና እግሯ የጠቆረ፣ ገላዋ የነጣ ግልገል ሲያዩ ብዙዎች «ሲያም ናት» ይላሉ፤ እሱም ሰውነቷ ቀዝቀዝ ባለበት ቦታ ብቻ ቀለም የሚያወጣ፣ ተራ ድመቶችም ተሸክመውት የሚዞሩት ዘረመል ነው። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ «የፈረንጅ ድመት ናት» ተብላ ያለ አንዳች ወረቀት በውድ የገዛቻት ነጭ ግልገል አለቻት። ይህን ስነግራት ዝም አለችና «ብቻ ጤነኛ ናት፣ እወዳታለሁ» አለችኝ። እሷ ከእኔ ቀድማ ነው የገባት።

የዙላ ታሪክም እንዳሰብኩት አልሆነም፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ትንሽ ይከፋኛል። የዙላ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1874 በእንግሊዝ በታተመ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ግን እሷን ከዛሬው ዘር ጋር የሚያያይዝ የትውልድ መዝገብ የለም። ከእሷ በፊት፣ በ1830ዎቹ የተገኘና ሆላንድ ውስጥ በላይደን ሙዚየም የተቀመጠ የዚህ ዓይነት ፀጉር ያለው ድመት አለ፤ መለያው ላይ የተጻፈው አገር ሕንድ ነው። የዘረመል ጥናቶችም የዘሩን ሥር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የሚወስዱት። ድመትን በዘር እየለዩ ማወዳደር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ከተደረገው ትርኢት በኋላ ነው፤ አቢሲኒያን የምንለውንም አሁን ባለው መልኩ መርጠው ያወጡት የእንግሊዝ አርቢዎች ናቸው። ስሙ የእኛ ነው፤ ድመቱን የሠሩት ግን እነሱ ናቸው። ደብረ ብርሃን እናቴ ምድጃ ሥር የተኛችው፣ እናቷም አያቷም እዚያው ግቢ የተወለዱት ድመት አቢሲኒያን አትባልም። ይህ ሲገባኝ ስሙ ውስጥ ፈልጌው የነበረው ነገር ድመት እንዳልነበረ አወቅሁ።

አሁን ሰዎች ድመታቸውን ይዘው ፎቶ ሲልኩልኝ የምላቸው ይህን ነው። ዘር ያለበት ከመሰላችሁ ማወቁ የሚጠቅመው ለጤናዋ ነው። አቢሲኒያን ለምሳሌ የቀይ የደም ሴሎቹን ዕድሜ የሚያሳጥር የዘር የደም ማነስ ሊኖርበት ይችላል፤ ዓይነ ስውርነት የሚያመጣ የዓይን በሽታም እንዲሁ፤ ሁለቱም በዘረመል ምርመራ ይታወቃሉ። ስለዚህ ምርመራውን ስታዘዙ ዘሯን ብቻ የሚነግራችሁን ሳይሆን በሽታዎቹንም የሚያይላችሁን ምረጡ። ውጤቱን ለሐኪማችሁ ስጡት። ሻጭ «ንጹሕ ዘር ነው፣ ወረቀት ግን የለውም» ካላችሁ ዋጋውን እንደ ማንኛውም ድመት ቁጠሩት፤ ወረቀት አለኝ ካላችሁ የወላጆቹን የምዝገባ ቁጥርና የጤና ምርመራቸውን ጠይቁ። ታማኝ አርቢ ይህን ስትጠይቁት ደስ ይለዋል።

ማስመከኑን ግን የዘር ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ብላችሁም አታዘግዩት። እስከ አምስት ወሯ ድረስ ብታስመክኗት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ስሪያ ሳይመጣባት ይደርሳል፤ ስድስት ወር ሳይሞላት የመከነች ድመት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ91 በመቶ እንደሚቀንስ ተጠንቷል። ያልመከነች ሴት ድመት ካለቻችሁ ደግሞ ከስሪያዋ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ዓይናችሁን አትንቀሉባት። ውኃ ማብዛት፣ ምግብ መተው፣ ድብታ፣ የሆድ መንፋት፣ ማስመለስ፣ ከኋላዋ ፈሳሽ። ከእነዚህ ሁለቱን ካያችሁ እርጉዝ ናት ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት። በአልትራሳውንድ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። የሃያ አራት ሰዓት ሆስፒታሉን ስልክ ማቀዝቀዣችሁ በር ላይ ለጥፉት፤ እኔ ያን ንጋት ቁጥሩን ፍለጋ ያባከንኩትን ጊዜ እስካሁን አልረሳውም።

ውሮ አሁን ደህና ናት፤ የሆዷ ፀጉር ተመልሶ በቅሏል፣ ስፌቱም አይታይም። የእቁቡን ዕዳ ጨርሻለሁ፤ የካርዱ ትንሽ ቀርቶኛል። የእናቴን ጣሪያ ባለፈው ክረምት ከወንድሜ ጋር አዋጥተን አስለወጥነው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ስትደውል ገና ሰላም ሳንባባል የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ «በላች?»